የዋሴ ላም

እኔ ነገር የሚያስረዝም ሰው ፊት መቀመጥ አልችልም። ልጅ ሆኜም እንዲሁ ነበርኩ። ሰው ጥያቄውን ሳይጨርስ መልሱን እወረውርለታለሁ፤ መልሴ ልክ ይሁን አይሁን የማስበው እሱ ከሄደ በኋላ ነው። እናቴ የዚች ልጅ እግርና ምላስ አንድ ቀን አብረው ይሰበራሉ ትል ነበር። እግሬ እስካሁን ደህና ነው። በምላሴ ግን በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ። ለአባቴ በጥድፊያ የመለስኩለት አራት ቃል ቤታችንን ያለ ወተት አስቀረው፣ እኔንም ከኮሌጅ ሊያስወጣኝ ምንም አልቀረው።

ጊዜው የደርግ ነው። ቤታችን ከፎንቆ ገበያ ወጣ ብሎ ነበር። አባቴ የእንሰት ጓሮና ትንሽ የስንዴ መሬት ያለው፣ አንዲት የምትታለብ ላም ያለችው ገበሬ ነው። እኔ ሆሳዕና ከሁለት ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ በየሳምንቱ ከቤት ቆጮ እየተሸከምኩ አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ አላመጣሁም። አዲስ አበባ ለሁለት ዓመት የመምህርነት ዲፕሎማ ግን ይበቃሻል ተባልኩ። ምግቡም መኝታውም በመንግሥት ነው። አባቴ ይህን የሰማ ሰሞን መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው ሁሉ ያለ ጉዳዩ እያስቆመ ሰላም ይል ነበር።

ነፃ ነው ያልነው ነገር ግን ፎርም ነበረው። ትምህርቱን በመሃል ያቋረጠ፣ ወይም ጨርሶ በተመደበበት ቦታ የተባለውን ዓመት ያላገለገለ፣ መንግሥት ያወጣበትን ሁሉ ይከፍላል። እሱ ካልከፈለ ዋሱ ይከፍላል። ዋሱ ደግሞ ቋሚ የመንግሥት ሠራተኛ መሆን አለበት፤ ገንዘቡ በየወሩ ከደመወዙ ላይ ይቆረጣል። በእኛ ዘር ደመወዝ የሚባል ነገር የቀመሰ ሰው የለም። አጎቶቼን በሙሉ ብትሰበስቧቸው አንድ ዋስ አይወጣቸውም።

ዋስ መሆን ያን ጊዜ ቀልድ አልነበረም። ሆሳዕና ውስጥ ለእህቱ ልጅ የፈረመ አንድ የቢሮ ሠራተኛ ነበረ። ልጁ ድንበር አቋርጦ ጠፋ፣ አጎቱ በየወሩ ይቆረጥበታል። ደመወዝ በተከፈለ ቀን ሰዉ እሱን በዓይኑ እየተከተለ ምን ያህል ተርፎት ይሆን ይባባላል። ከዚያ ወዲህ ዋስ ፈልጎ የሚዞር ተማሪ ሲያዩ መንገድ የሚቀይሩ ሠራተኞች ነበሩ። እኔም ሁለት ሦስት ሰው ዘንድ ሄጄ አንዱ አሞኛል አለኝ፣ አንዱም ሚስቱን ልኮ የለም አስባለ።

በመጨረሻ አባቴ አስተማሪሽ ዘንድ እንሂድ አለ። ሒሳብ ያስተማሩኝን ማለቱ ነው። ከሰሜን የመጡ፣ ቀበሌ ቤት ውስጥ ከሚስታቸውና ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ፣ ሸሚዛቸው ክንድ ላይ ጠመኔ የማይጠፋ ሰው ናቸው። አንዳንዴ ከፎንቆ ገበያ ቅቤ አምጪልኝ ብለው ይልኩኝ ነበር እንጂ ሌላ ቅርበት የለንም። አባቴ እንደ ደንቡ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ ጤና፣ ስለ መንገዱ ጭቃ ጠይቆ ጠይቆ ወደ ጉዳዩ ሊገባ ሲል መምህሩ ቀደሙት። ገብቷቸዋል። ወደ እኔ ዞረው «ትጨርሻለሽ?» አሉኝ። ቃሉ ከአፋቸው ሳይወጣ «አዎ!» አልኩ። ሳቁና ጫማቸውን ማድረግ ጀመሩ።

አውራጃው ጽሕፈት ቤት የነበረው ጸሐፊ ፎርሙን ባንድ ትንፋሽ አነበበው። ስሜና አድራሻዬ ከዚህ በላይ የተገለጸው እኔ ብሎ ጀምሮ፣ ይህንን የውል ግዴታ ብሎ፣ የውል ግዴታውን ባልፈጽም ብሎ፣ ማኅተም እስኪመታ ድረስ አላረፈም። መምህሩ ፈረሙ፣ እኔ ፈረምኩ፣ አባቴ በምስክርነት አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አሳረፈ። የቤታችን ቋንቋ ሀዲይኛ ነው፣ የአባቴ አማርኛ የገበያ አማርኛ ነው፤ ለመግዛትና ለመሸጥ፣ ለቅሶ ለመድረስም ይበቃዋል። ወረቀት ሲነበብ ግን ቃላቱን እንደሚሮጥ ከብት አንዱን ይይዛል፣ ሦስቱ ያመልጡታል።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ጠየቀኝ። ያ ልጅ ሲያነብ ደጋግሞ ያላት ቃል ውለታ ነው ያለው ወይ አለኝ። እኔ ያን ሰዓት አዲስ አበባ ምን ጫማ አድርጌ እንደምገባ ነበር የማስበው። «አዎ፣ እንደዚያ ነገር ነው» አልኩት።

እንደዚያ ነገር አልነበረም። ውል ተፈርሞ፣ ዓመቱ ተቆጥሮ የሚያልቅ ነገር ነው። ውለታ ግን ሰው የዋለልህ ደግነት ነው፣ ማኅተም የለውም፣ መቼ እንደሚያልቅም አይጻፍም። አማርኛ አፉን የፈታበት ሰው ሁለቱን አያምታታም። በገበያ ለለመደው ለአባቴ ግን በመሃላቸው ያለው ልዩነት አንድ ሁለት ፊደል ነው። ቆም ብዬ ባስረዳው ኖሮ አሥር እርምጃ ያህል ነበር የሚፈጀው። እሱም ጭንቅላቱን ነቅንቆ፣ መንግሥት ውለታ መላሽ ሁን ብሎ በማኅተም አስፈርሞኛል ብሎ ያዘው።

አዲስ አበባ ሄድኩ። ስለ ኮሌጁ ብዙ የምለው የለኝም፤ አልጋው ተደራራቢ ነው፣ ወጡ ቀጭን ነው፣ የፖለቲካ ትምህርት ሲሆን እንቅልፌ ይመጣል። በመጀመሪያው ክረምት ቤት ስገባ ግቢው ውስጥ የጎደለ ነገር አለ። ላሚቱ የለችም። ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት ቀይ ላም ናት፤ ደጃፍ ስደርስ መጀመሪያ የምሰማው የእሷን ድምፅ ነበር። እናቴን የት ሄደች ብላት፣ እንደ ተራ ነገር፣ ለዋስሽ ሄዳለች አለችኝ። እኔ አዲስ አበባ በሄድኩ በሳምንቱ አባቴ ራሱ ነድቶ ወስዶ መምህሩ አጥር ላይ አስሯታል።

እናቴ የክብር እንግዳ ሲመጣ አተካና የምትሠራ ሴት ናት፤ ቡላው በቅቤና በአይብ ሲሰክር ሽታው መንገደኛ ያስቆማል። ያን ክረምት እኔን ለመቀበል ቅቤውን ከጎረቤት ተበደረች። ትንሿ እህቴ ጠዋት ጠዋት ቆጮዋን በሻይ ታወርዳለች። እኔ ደግሞ ንዴቴ ጣሪያ ነካ። አንዲት ፊርማ ፈርሞ የገበሬ ላም የሚቀበል ምን ዓይነት አስተማሪ ነው አልኩ። ለአባቴ ምንም አልተናገርኩም፤ እሱ ደስ ብሎት ነበር፣ ሆሳዕና በሄደ ቁጥር መምህሩ ቤት ጎራ ብሎ ላሚቱን አይቶ ይመለሳል። እኔ ግን ክረምቱን ሙሉ ሰላም ልላቸው አልሄድኩም። አንድ ቀን አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ከሩቅ አይቻቸው ወደ ሱቅ ገባሁ።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ሆዴን ባር ባር ይለኝ ጀመር። ሆሳዕና ስማር አንድ ዴስክ ላይ አብራኝ የተቀመጠች፣ አሥራ ሁለተኛ ያልሆነላት ልጅ ነበረች። እሷ ፎንቆ የገበሬዎች አገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበር መዝገብ ያዥ ሆና ገባች። እኔ ተደራራቢ አልጋ ላይ ሆኜ ስገላበጥ እሷ ጫማ ገዛች፣ ጃንጥላ ገዛች፣ የእናቷን ቤት ቆርቆሮ ልታለብስ ነው ተባለ። ከእኔ በፊት የጨረሱት ደግሞ ደብዳቤ በወር የማይደርስበት አገር ይመደባሉ። ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ደብተሬ ጀርባ ላይ እጽፋለሁ፤ ሁለት ዓመት፣ ላሚቱ፣ ከዚያ የአገልግሎቱ ዓመት፣ የእናቴ ብድር ቅቤ። በሌላ በኩል አንዲት ዲፕሎማ የምትባል ወረቀት። እደምረዋለሁ፣ እሰርዘዋለሁ፣ ደግሞ እጀምረዋለሁ። ቁጭ ብል እነሳለሁ፣ ብነሳ የምሄድበት የለኝም።

የካቲት ላይ ለዕረፍት ስመጣ ልቤ ቆርጦ ነበር ማለት ይቻላል። ያቺ ጓደኛዬ ሁለተኛ መዝገብ ያዥ እየተፈለገ ነው፣ ወሩ ሳያልቅ ከመጣሽ ያንቺ ነው አለችኝ። የቀረኝ አንድ እንቅፋት ዋሴ ናቸው። ካቋረጥኩ የሳቸው ደመወዝ ይቆረጣል። ይህንንም መላ አገኘሁለት፤ በልቤ አንቱታውን ቀንሼ፣ ላማችንን በልቷል፣ ይክፈል አልኩ። ከዚህ ሐሳብ ጋር ሁለት ቀን ተስማምቼ ኖርኩ። በሦስተኛው ቀን መምህሩ ላሚቱንና አንዲት ጊደር ጥጃ አስነድተው ደጃፋችን ላይ ቆሙ።

አባቴ የገበሬ ማኅበር ስብሰባ ሄዶ ነበር። እናቴ ላሚቱን ስታይ ማንንም ሳትጠይቅ አንገቷን አቅፋ አለቀሰች። አማርኛ ብዙም አትሰማም። ለመምህሩ አተካና ልትሠራ ጎረቤት ቅቤ ልትበደር ስትነሳ ጾም ነው ብዬ መለስኳት። ቆሎና ውኃ ቀረበላቸው። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው፤ ሦስት ሰዓት በእግራቸው መጥተዋል። ወደ ጎጃም ተዛውረዋል፣ በዚያ ሳምንት ዕቃ ጭነው ይሄዳሉ። የመጡት አደራ ለማስረከብ ነው።

«አባትሽን ባገኛቸው ደስ ይለኝ ነበር» አሉኝ። «አደራቸውን በሙሉ አስረክቧል በያቸው። ለምን እንዳመጧት አልጠየቅኳቸውም። ያኔ ከብት ይቆጠራል፣ ለአምራቾች ማኅበር ይገባል እየተባለ ይወራ አልነበር? አባትሽ እርስዎ ዘንድ ትቀመጥ ሲሉኝ ገባኝና ዝም አልኩ። ወተቷን ልጆቼ ጠጥተዋል፣ አልዋሽሽም። በሣሯ ይካካሳል።»

ወይ ጉዴ! አባቴ ሰጠሁዎት ማለት ነውር ሆኖበት ነው እርስዎ ዘንድ ትቀመጥ ያለው። እኛ ዘንድ የሰጠ ሰው ሰጠሁ አይልም፤ አስሮ ይሄዳል። እሳቸው ደግሞ ቃሉን እንዳለ ወስደው፣ ደሃ ገበሬ ላሙን ደብቅልኝ አለኝ ብለው፣ ምስጢር ጠብቀው፣ ዓመት ከመንፈቅ ሊሞላ ምንም ያህል እስኪቀረው ድረስ ሣር በገንዘብ እየገዙ አስቀምጠዋታል። ሚስታቸው በእበቱ ሲነጫነጩ፣ ጎረቤት ቀበሌ ቤት ውስጥ ከብት ምንድን ነው ብሎ ሲከስ፣ የሰው አደራ ነው እያሉ። አባቴ በየጊዜው ጎራ ሲል ላሙን ሊጎበኝ የመጣ መስሏቸዋል። እነሱ ቡና ሲያቀርቡ፣ እሱ ሲመርቅ፣ ሁለቱም ወገን በይሉኝታ አንዲት ጥያቄ ሳይጠያየቁ ኖረዋል። እኔ ደግሞ በልቷል ይክፈል እያልኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሊሄዱ ሲነሱ ዘንድሮ ትጨርሻለሽ አይደል አሉኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ መልስ ዘገየብኝ። እሺ አልኩ። እሺ ደግሞ ምን ዓይነት መልስ ነው ብለው ሳቁ፤ ጎጃምም ቢሄዱ ደመወዛቸው ተከትሏቸው እንደሚሄድ፣ ፊርማውም ከደመወዙ ጋር እንደሚሄድ እንደ ቀልድ ነግረውኝ ወጡ።

አባቴ ፀሐይ ሳትጠልቅ ገባ። ላሚቱን ግቢ ውስጥ አየና ቆመ። ይሮጥላታል ብዬ ነበር፣ አልነካትም። መለሳት ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ በሀዲይኛ። አዎ፣ መለሰ አልኩት። እዚያው ደጃፍ ላይ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ስጦታ ተመልሶ ከመጣ ቃሉም አብሮ ተመልሷል ማለት ነው። አባቴ የገባው ይኸው ነው፤ ሰውየው እጁን ሰበሰበ፣ ዋስነቱን አነሳ። ከኮሌጅ ያስወጡሻል ማለት ነው አለኝ፣ ድምፁ ወርዶ።

አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር እንኳ። ግን አሰብኩት። ማንም ሳይገፋው የተከፈተ በር ነው። አቋረጠች አልባልም፣ ዋሷ ጥሏት ነው ይባላል። ላሚቱ ከነጥጃዋ ቤቷ ናት፣ እህቴ ወተት ትጠጣለች፣ እኔ ሰኞ መዝገብ ያዥ እሆናለሁ። ውሉ የሚያቃጥለው እሳቸውን ነው፣ እሳቸው ደግሞ ጎጃም ሊሄዱ ነው። ዝም አልኩ። ሰው አረጋግቶ እንደሚያስረዳ ሰው ረጋ ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ማለት እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም፤ ዛሬም ሳስበው የሚያሳፍረኝ መቅለሉ ነው።

ጠዋት ስነሳ ላሚቱ የለችም። ጥጃዋ ብቻ ታስራ ትጮኻለች። እናቴ አባትሽ ይዟት ወደ ሆሳዕና ሄደ፣ ያንን ሰው ሊለምን አለችኝ። ጫማዬን በእጄ ይዤ እግሬ አውጪኝ አልኩ። ወንዙን ከተሻገረ በኋላ፣ ዳገቱ ላይ ነው የደረስኩበት። ላሚቱ ጥጃዋን ትታ አልሄድ ብላው ግማሹን መንገድ ሲጎትታት ነው የመጣው፤ ላብ በላብ ሆኗል።

ተመለስ አልኩት። አልተመለሰም። እየሄደ ያሰበውን ነገረኝ። ላሚቱ አንሳ ይሆናል አለ፤ ለእንዲህ ያለ ውለታ አንዲት ላም ምን አላት። የጓሮውን ባሕር ዛፍ ጨምሬ እሰጠዋለሁ፣ እሱን ሸጦ ቤት ይሠራበት አለ። ያ ባሕር ዛፍ የቤታችን ብቸኛ ጥሪት ነው፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ብለን የምናየው እሱን ነው።

እዚያው ዳገት ላይ ነገርኩት። ሁሉንም ነገርኩት። ውል ምን እንደሆነ፣ ውለታ ምን እንደሆነ፣ መምህሩ አደራ መስሏቸው እንደነበረ፣ ስለ ሣሩና ስለ ወተቱ ያሉትን፣ የመለሱትም አደራ ነው ብለው እንደሆነ፣ ዋስነታቸውን እንዳላነሱ። እኔ ይህን እያወቅሁ ማታ ዝም እንዳልኩ። ለምን ዝም እንዳልኩም። በሀዲይኛ ነው የነገርኩት፤ ለእነዚያ የወረቀት ቃላት በሀዲይኛ ቶሎ የሚመጣልኝ ስለሌለ በዙሪያው እየዞርኩ፣ ምሳሌ እያመጣሁ፣ ደግሜ ደጋግሜ። በሕይወቴ ለአንድ ሰው ይህን ያህል አስረድቼ አላውቅም። ይቆጣኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ያንን ሰው ቀና ብዬ ያየሁት ላሜን ሰጥቻለሁ ብዬ ነው» አለ። «ለካ ባዶ እጄን ነበርኩ።»

ከዚያ ገመዱን እጄ ላይ አደረገው። እንግዲህ የምታውቂውን አድርጊ ብሎ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ላሚቱ ወደ ፎንቆ ዞራ ትጎትተኛለች፣ ጥጃዋ እዚያ ናት። እኔም ጥጃ ባይኖረኝ ልቤ እዚያው ነው፤ ሥራው እዚያ ነው፣ ጫማው እዚያ ነው። ገመዱ መዳፌን ላጠኝ። አባቴ አያየኝም፣ መሬት ነው የሚያየው። እንዲህ መሬት እያየ እንዳይኖር ብሎ ላሙን የሰጠ ሰው ነው፣ አሁን እንደገና መሬት ያሳየሁት እኔ ነኝ። ላሚቱን በኃይል መለስኳትና ወደ ሆሳዕና ነዳኋት።

መምህሩ ቤት ስንደርስ አልጋው ተፈታትቶ ግቢ ወጥቷል፣ ሚስታቸው ምጣድና ድስት በገሳ ይጠቀልላሉ። አባቴ እኔ እንዳስተረጉም አልፈለገም። በራሱ አማርኛ ተናገረ። «ጋሼ፣ ላም አደራ አይደለም። ላም የእርስዎ ነው። ከዛሬ አይደለም፣ ከዚያን ቀን ነው» አለ። መምህሩ እኔን አዩኝ። የቀረውን እኔ ነገርኳቸው፣ ላቋርጥ አስቤ እንደነበረም ጭምር። ሚስታቸው የያዙትን ድስት አስቀመጡ። ይህን ሁሉ ጊዜ በገዛ ላማችን ነው የተሳቀቅነው ወይ አሉ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ የማይለይ ነገር ይዟቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

መምህሩ አልሳቁም። ላም ይዤ ጎጃም የት እገባለሁ አሉ። ከዚያ ለአባቴ ቀስ ብለው፣ እያንዳንዱን ቃል እየለዩ ተናገሩ፤ እሷ ካቋረጠች በየወሩ ከልጆቼ ጉሮሮ ላይ ይቆረጣል፣ መቶ ላም ቢያመጡልኝ እሱን አይመልስልኝም፣ ከጨረሰች ደግሞ ምንም ዕዳ የለባችሁም አሉት። ወደ እኔ ዞሩና ያንኑ ጥያቄ ጠየቁኝ፣ ትጨርሻለሽ ወይ አሉኝ። ጥያቄው እስኪያልቅ ጠበቅሁ። እጨርሳለሁ አልኳቸው። አባቴ ከጎኔ አንድ እርምጃ ወጣ አለ።

«ለእርስዎ ደግሞ የሷ ዋስ እኔ ነኝ» አለ።

ላሚቱን ይዘን ተመለስን። በእርግጥ ለመመለሱ ገመድ አላስፈለጋትም፤ ከፊት ከፊታችን እየሮጠች ገባች።

ጨረስኩ። ምደባዬ ሲወጣ አንጋጫ ሆነልኝ፣ ዕድል ነው። እዚያ የልጆቹ የቤት ቋንቋ ከምባትኛ ነው፣ አማርኛውን እንደ አባቴ ከገበያ ነው የሚያመጡት። ስለዚህ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ይህ ቃል እንዲህ ማለት ነው ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ እንደዚያ ነገር ነው ማለት ክልክል አድርጌ በራሴ ላይ አወጅኩ። ሁልጊዜ ተሳክቶልኛል አልልም። ጓደኛዬ ያን ጊዜ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነበረች፣ እኔ በኪራይ ክፍል። ደመወዝ በወጣ ቀን ሂሳቡ እንደገና ይነሳብኛል፤ ይሻል ነበር ወይስ አይሻልም ነበር እያልኩ ከአንጋጫ እስከ ሆሳዕና መንገዱን እጨርሰዋለሁ። እስከ ዛሬ ልኩን አላገኘሁትም።

የተባለውን ዓመት ስጨርስ አንዲት ግማሽ ገጽ ወረቀት ተሰጠኝ፤ ግዴታዋን ፈጽማለች ትላለች፣ ማኅተም አላት። አንድ ቅጂ ለመምህሩ በሄዱበት ትምህርት ቤት አድራሻ ላክሁ። መልስ የለም። ደግሜ ላክሁ። እንደገና ተዛውረዋል፣ ወዴት እንደሆነ አይታወቅም የሚል ጽሑፍ ፖስታው ጀርባ ላይ ተጽፎበት ተመለሰ። ሌላኛውን ቅጂ ይዤ ቤት ሄድኩና ለአባቴ አሳየሁት። ማኅተሙን በጣቱ ዳሰሰው። ውሉ አለቀ አልኩት። አሁን ሁለቱን ቃላት አይሳሳትም። ውለታውስ አለኝ። ተቀምጬ፣ ሰውየው እንደጠፉ፣ የት እንዳሉ እንደማይታወቅ፣ የሚሰጥ ነገር ቢኖረን እንኳ የሚቀበል እንደሌለ ቀስ ብዬ አስረዳሁት።

እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ ተነስቶ ወደ ጋጣው ሄደና ያችን መምህሩ ቤት የተወለደችውን፣ አሁን ራሷ ወልዳ የምትታለበውን ላም አሳየኝ። ይቺ የዋስሽ ናት አለኝ። ከዚያ ወዲህ ክፉ ቀን ብዙ ጊዜ መጥቷል፣ ባሕር ዛፉም ተሸጧል፣ ከዘሯ ግን አንዲት ሁልጊዜ የዋስሽ ትባላለች፣ አትሸጥም፣ አትታረድም። ሰውየው አንድ ቀን በደጃችን ቢያልፉ ይረከባሉ። ወተቷን እኛ ጠጣን። በሣሯ ይካካሳል ይላል አባቴ።